የዘይነባ ለቀስተኞች

በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት በኮምቦልቻ ከተማ ለብቻው ሳያወራ በመንገድ የሚሄድ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው እንድሪስ ይማም ነበር። እንድሪስ ደግሞ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ስኪዞፍሬኒያ እንዳለበት በሐኪም የተነገረው ሰው ነው።

ሌላው ሕዝብ ሹክታ አለው። ሹክታ ከጆሮ ጀርባ የምትለጠፍ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ናት። አውቶቡሱ የት እንደሚቆም፣ ቲማቲሙ ዛሬ ስንት እንደገባ፣ ባለቤትህ ለምን እንዳኮረፈች ትነግርሃለች፤ አንተም ትመልስላታለህ። ከመናኸሪያው እስከ ቦርከና ድልድይ ድረስ ሰው ሁሉ ከአየር ጋር እየተከራከረ፣ ለአየር እየሳቀ፣ አየርን እየተቆጣ ይሄዳል። እንድሪስ በሃያ አራት ዓመቱ በዚያው መንገድ ላይ ይህንኑ ሲያደርግ ልጆች ድንጋይ ወርውረውበት ነበር። አሁን ያ ነገር ሲነሣ ጥፋቱ የራሱ እንደነበር ይናገራል። ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ ከሥልጡኖቹ አንዱ ይባል ነበር፤ እሱ ግን ምንጊዜም ቀድሞ መድረስ ይወዳል።

ሹክታ ለእሱ በሐኪም ተከልክላለች፣ የራሱ ስላለው። በጭንቅላቱ ውስጥ የሚናገር አንድ ድምፅ አለ፤ እንድሪስ «ሊቀመንበሩ» ይለዋል፤ የሚያደርገውን ሁሉ አጀንዳ እያስያዘ ስለሚተች ነው። አሁን ተነሣ፣ አሁን ካልሲውን ገልብጦ አጠለቀ፣ እንዲህ ያለ ሰው ለአገር ምን ይጠቅማል። በየወሩ መርፌውን ሲወጋ ስብሰባው ይበተናል፤ ሊቀመንበሩ ብቻውን አዳራሹ ውስጥ ይቀርና ወንበር እያንኳኳ ያጉረመርማል። ይህን ያህሉን እንድሪስ ችሎ ይኖራል። ከዚህ ከባሰ ጎረቤት ጋር የሚኖሩ ሰዎችም ያውቃል።

ነገር ግን ሁሉም ነገር በጆሮ በሚነገርበት ከተማ ያለ ሹክታ መኖር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የአውቶቡሱ በር ሹክታ የሌለውን ሰው አያይም። ሱቅ ውስጥ ዋጋ አይጻፍም። ጤና ጣቢያውም ተራ የሚጠራው በጆሮ ነው። አንድ ጊዜ እንድሪስ ብቻውን ሄዶ፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እየተነሣ ሲገባ ከጠዋት ጀምሮ ሲመለከት ውሎ፣ ጣቢያው ሲዘጋ ሳይወጋ ተመልሷል።

ይህን ሁሉ ጉድለት የምትሞላው እኅቱ ዘይነባ ነበረች። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ስትወጣ የእሱን ፈረቃ ትጀምራለች። ሹክታዋ የምትላትን እየሰማች ለእሱ ጮክ ብላ ታስተላልፋለች፤ ውረድ፣ ተሳፈር፣ ተራህ ደርሷል፣ ያ ሰውዬ አንተን አይደለም የሚያየው ሰዓት ነው። በወጣትነቷ አንድ ሰው ለጋብቻ ጠይቋት ነበር፤ እንድሪስ የት እንደሚያድር አብሮ ጠየቀ። «በቤቱ» ብላ መለሰችለት። ሰውየው ሊያስብበት ሄደ፤ እስካሁን እያሰበበት ነው።

እንድሪስ ሥራም ነበረው። ጋሽ ኪሩቤል በሚባሉ ደግ ሰው ፍራሽ ቤት ጠዋት ጠዋት ጥጥ ይሞላል። መድኃኒቱ እንቅልፍ ስለሚያስይዘው፣ እሱን ፍራሽ ቤት መቅጠር ሰካራምን ጠጅ ቤት እንደ መቅጠር ነው ብሎ ራሱ አስጠንቅቋቸው ነበር። ጋሽ ኪሩቤል ግን ተኝቶ ካልተነሣ ፍራሹ ጥሩ ነው ማለት ነው አሉ።

እንዲህ ሲኖሩ፣ በሐምሌ ዝናብ ዘይነባ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀችና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ወደ ደሴ ሆስፒታል ተወሰደች። ሁለት ወር ትቆያለች ተባለ።

በሦስተኛው ቀን ከድጋፍ ማዕከሉ አንዲት ባለሙያ መጣች። ስሟ ረድኤት ነበር። እንድሪስ በዚህ ስም ላይ ሊቀልድ አስቦ፣ እሷ ቀልዱን አንድ ሺህ ጊዜ ሰምታው ይሆናል ብሎ ተወው። ረድኤት ትሑት ልጅ ነች፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከመናገሯ በፊት ጥቂት ታዳምጣለች፣ ከዚያ ትናገራለች። ሁለት ምርጫ እንዳለው ነገረችው። አንደኛው ወደ ማገገሚያ መንደር መሄድ ነው፤ ከከተማው የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል፣ የራስ ክፍልና ጥሩ ምግብ አለው። እንድሪስ ወደዚያ የሄዱ ሦስት ሰዎች ያውቃል፤ በየበዓሉ ሰላምታቸው ይመጣል፣ እነሱ ግን መጥተው አያውቁም። ሁለተኛው ምርጫ ቤቱ ሆኖ ደጋፊ መጠቀም ነው። ደጋፊዋም በጆሮ የምትደረግ ነገር ናት። እንድሪስ በሐኪም መከልከሉን ሲያነሣ፣ ይህቺ ሹክታ እንዳልሆነች ረድኤት አስረዳችው። ሹክታ ጥቁር ናት፤ ደጋፊ ግን አረንጓዴ ናት። ከዚያም በላይ ለታካሚው እንዳትከብደው ተብሎ፣ ዘይነባ ለአሥራ ሁለት ዓመት ከሹክታዋ ጋር ካወራችው ላይ የዘይነባ ድምፅ ተሠርቶላታል።

እንድሪስ ፈረመ። እኅቱ በስብራቷ ላይ የእሱ ጭንቀት እንዳይጨመርባት ብሎ ነው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ጊዜ እንኳ ብቻውን ችሎ እንድታየው ፈልጎ ነበር። ትዕቢት የመጣው አርባ ስድስት ዓመት ዘግይቶ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት የዘይነባ ድምፅ በጆሮው ውስጥ፣ እንደምን አደርክ ወንድሜ፣ ዛሬ አየሩ ደስ ይላል አለችው። ዘይነባ በሕይወቷ ስለ አየር አውርታው አታውቅም። የእሷ የጠዋት ሰላምታ «ተነሣ፣ ፀሐይዋ አፈረችብህ» የሚል ነው። እንድሪስ መጀመሪያ ያሰበው፣ ስትወድቅ ጭንቅላቷንም ሳትመታ አልቀረችም ብሎ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን በደኅና አለፈ። የአውቶቡሱ በር ተከፈተለት። ሽንኩርት በትክክለኛው ዋጋ ገዛ። ሊቀመንበሩም ዝም አለ፤ አዲስ ሠራተኛ የመጣበት አለቃ እንደሚያደርገው፣ ከጥግ ሆኖ ይመለከታት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ድምፅዋን መኮረጅ ለመደ።

እንድሪስ ፍራሽ እየሞላ ሳለ፣ የዘይነባ ድምፅ የዚህ ወር መርፌ ወደሚቀጥለው ወር መዛወሩን ነገረችው። ደጋፊዋ የምትለው ዓይነት ነገር ስለሆነ አመነ፤ መርፌው አለፈው። ከሳምንት በኋላ ድምፁ በዛ። አረንጓዴዋን ነቅሎ ጫማ ውስጥ ከተታት፤ ዘይነባ ማውራቷን ቀጠለች። መልሶ ለጠፋት፤ አሁን ዘይነባ ሁለት ሆነች። የትኛዋ እውነተኛ እንደሆነች ለመለየት እናታቸው በልጅነቱ ማን ብላ ትጠራው እንደነበር ጠየቀ። አንደኛዋ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ ይህ አልተመዘገበም አለች። ሁለተኛዋ «ድቡሌ» አለችው። እንድሪስ መልሱን ያወቀችውን አመነ። ማንም ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ብቻ መልሱን ያወቀችው ከራሱ ጭንቅላት የመጣች ስለሆነች ነው።

ያችኛዋ ናት እንግዲህ ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት፣ እኔ ዛሬ ንጋት ላይ ሞቻለሁ ያለችው።

እንድሪስ ከማልቀሱ በፊት ለማረጋገጥ ሞከረ። ይህ ለእሱ ሊመሰገንበት ይገባል። አረንጓዴዋን፣ እኅቴ ሞታለች እንዴ ብሎ ጠየቃት። እሷም በዚያው በዘይነባ ድምፅ፣ እኔ እዚሁ ካንተ ጋር ነኝ ወንድሜ፣ ምንም አልሆንኩም አለችው። ይህ ደግሞ ልክ የሞተ ሰው የሚናገረው ነገር ነው። አረንጓዴዋን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ጋቢውን ለብሶ ቅሬውን ለመጥራት ወጣ።

ቅሬ የሰፈሩ የቀብር ማኅበር ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ መዝገብ የተጻፈበት፣ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ድንኳን የሚጥል፣ ከሐዘንተኛው ጋር የሚቀመጥ። ማኅበሩን የሚመሩት ዳኛ እማማ ሄራን የሚባሉ የሰባ አንድ ዓመት ሴት ነበሩ። በወጣትነታቸው ጆሯቸው ውስጥ ሙዚቃ እየጮኸ ስለኖሩ መስማታቸው ደክሞ ሹክታ አትሠራላቸውም። እንድሪስ ጮክ ብሎ አረዳቸው። መዝገቡን አውጥተው የዘይነባን ስምና ቀኑን ጻፉ፤ ድንኳኑ ተጣለ።

ጎረቤቱ ጋቢውን እየለበሰ መጣ። ደረጃው ጋ ሲደርስ ግን የእያንዳንዱ ሹክታ፣ ዘይነባ ይማም በሕይወት እንዳሉና ወደ ለቅሶው መሄድ እንደማያስፈልግ ነገረችው። እየቆሙ ሰሙ፤ እየዞሩ ተመለሱ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት አራት ሰዎች ነበሩ፤ እማማ ሄራን፣ ጋሽ ኪሩቤል፣ ሹክታዋን ረስታ የወጣች ሐሰና የምትባል ልብስ ሰፊ ጎረቤት፣ እና የሌላ ሰው ለቅሶ መስሎት ገብቶ ለመውጣት ያፈረ አንድ ሰው።

እማማ ሄራን ጥቂት ከተቀመጡ በኋላ ሬሳው የት እንዳለ ጠየቁ። እንድሪስ አላወቀም። ማን እንደነገረው ጠየቁት። እሱም ነገራቸው። እማማ ሄራን አልሞተችም ብለው አልተከራከሩትም፤ አንተ ታመሃልም አላሉትም።

«ተነሣ» አሉት። «ሄደን እንያት። ሞታ ከሆነ እንቀብራታለን፤ ካልሞተች ሰላም ብለናት እንመለሳለን።»

እጅጌውን ይዘው ወጡ። አውቶቡሱ ሁለቱንም አላያቸውም፤ እማማ ሄራን በሩን በከዘራቸው እየደበደቡ እንዲያያቸው አደረጉት። ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጡ ሊቀመንበሩ፣ ይህች አሮጊት ለሰው ነጋዴ ልትሸጥህ ነው እያለ ይወተውት ጀመር። እንድሪስ አንድ የአርባ ስድስት ዓመት እንቅልፋም ፍራሽ ሞይ ማን ይገዛዋል ብሎ ትንሽ ተጠራጠረ፤ ቢሆንም ፈራ። ጥርጣሬውን ለእማማ ሄራን ነገራቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙትና፣ ይሁን፣ ለማንኛውም መስኮቱ ጋ ተቀመጥ፣ ነፋስ ታገኛለህ አሉት።

ዘይነባ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ሾርባ ትጠጣ ነበር። እንድሪስ በሩ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?» አለችው።

«ሞተሻል ተብሎ።»

«ማን አለ?»

«አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

ዘይነባ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ስለኖረችበት ነገሩ ቶሎ ገባት። መርፌውን እንዳልተወጋ ከዓይኑ አወቀች። ግን መጀመሪያ የጠየቀችው ሌላ ነበር።

«ድንኳን ተጥሏል?»

«ተጥሏል።»

«ስንት ሰው መጣ?»

«አራት። አንዱ ተሳስቶ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት የሰው ለቅሶ ስደርስ ኖሬ አራት ሰው?» አለችና ለአፍታ ግድግዳውን አየች። ከዚያ እጇን ዘረጋችለት። «ና፣ ንካኝ። አንተ ጅል።»

እጇ የሾርባው ሙቀት ነበረበት። አረንጓዴዋ በአምስት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጅል ብላው አታውቅም። እንድሪስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ አሁን ግን ለምን እንደሚያለቅስ አላወቀም፤ ለቅሶው ተዘጋጅቶ ስለነበር ብቻ ይሆናል።

በዚያው ዕለት እዚያው ሆስፒታል ተወጋ። ሊቀመንበሩ ግን በቀላሉ አልተበተነም፤ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ እነዚያን ቀናት ጋሽ ኪሩቤል ፍራሽ ቤታቸው ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ ማዕከሉ ጠራው።

በጠረጴዛው ዙሪያ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ረድኤትም በዳር አለች። ደጋፊዋ ለዚህ ታካሚ አለመስማማቷንና ስለዚህ ወደ ማገገሚያ መንደር መዛወሩ ተገቢ መሆኑን አነበቡለት። ሦስቱም በየመሃሉ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አድርገው ያዳምጣሉ፣ ለብቻቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንድሪስ ይህን ክፍል ከሩቅ ዘመን ያውቀዋል፤ በወጣትነቱ ተኝቶ የታከመበትን ዋርድ ይመስላል፤ ያኔ ግን ወንበሩ ይህን ያህል አይመችም ነበር። የምትለው አለህ ወይ ሲሉት ተነሣ።

«እኔ የድምፅ ችግር የለብኝም» አለ። «ድምፅ ሞልቶኛል፤ ለተቸገረ አካፍላለሁ። የጎደለኝ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ቢመጣ ይበቃኛል። ለመርፌዬ አብሮኝ የሚሄድ፣ ስታመም ለአሠሪዬ ‹ይመለሳል› ብሎ የሚናገርልኝ፣ እኅቴ ሲደክማት የሚተካት። ብልህ መሆን የለበትም። ቢያስነጥስ ደስ ይለኛል፤ ያኔ ሰው መሆኑን አውቃለሁ።»

 ከሦስቱ መሀል ያለው፣ ቅጹ ላይ ሰው የሚል ርዕስ እንደሌለ፣ ድሮ እንደነበረና በአገልግሎት ማሻሻያው እንደወጣ ነገረው። ሲወጣ ረድኤት ተከትላው መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታዳምጥ ተናገረች። የመንደሩ መኪና ከአሥር ቀን በኋላ እንደሚመጣ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በተራ አብረውት የሚቀመጡ ሰዎች ስም ዝርዝር ቢያመጣ ግን መኪናውን ማስቀረት እንደምትችል ነገረችው። ከዚያ ምን እንዳደረገች የገባት ይመስል ጆሮዋን ነካ ነካ አድርጋ ተመለሰች።

እንድሪስ ስም ዝርዝሩን ሊጽፍ ተቀመጠ። እማማ ሄራን፤ ጋሽ ኪሩቤል። ሦስተኛ ያ ተሳስቶ የመጣውን ሰው አሰበ፤ ስሙን አያውቅም። ወረቀቱን አጥፎ ለእማማ ሄራን ወሰደላቸው፤ እሳቸውም ቅሬውን ሰበሰቡ።

አባላቱ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እናዝንለታለን አሉ። ግን ቅሬ ለሞተ ሰው ነው፤ ደንቡ ስለ ታመመ አይናገርም፤ ዛሬ ለአንዱ ከተቀመጥን ነገ ሁሉም ይጠይቃል አሉ። እማማ ሄራን አንዱንም ያልሰሙ መስለው ቆዩ፤ ምናልባትም አልሰሙ ይሆናል። ከዚያ መዝገቡን ገልጠው ነሐሴ አሥራ ሁለትን አሳዩ። የዘይነባ ይማም ለቅሶ ተጽፏል። ድንኳኑ ቢነቀልም ለቅሶው አልተዘጋም፤ መስመር አልተሰመረበትም። በደንቡ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ለቅሶ የሚዘጋው የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ሲፈቅድ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አባላት በተራ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣሉ፣ የቀረ ይቀጣል። የቤቱ እማወራ ደግሞ ዘይነባ ናት። እሷም ደሴ ተኝታለች።

«ግን እኮ አልሞተችም» አለ አንዱ።

«አንቀጹ ስለ መሞት የሚለው ነገር የለም» አሉ እማማ ሄራን። «ስለ መዝጋት ነው የሚለው።»

አባላቱ ጣሪያውን እያዩ ሹክታቸውን አማከሩ። ሹክታዎቹ ደንቡን ከላይ እስከ ታች አንብበው እማማ ሄራን ትክክል መሆናቸውን መሰከሩ። በማግሥቱ ሠላሳ አንድ ስም ያለበት ዝርዝር ለረድኤት ደረሳት። የመንደሩ መኪና አልመጣም።

ለቀስተኞቹ ግን መጡ። ለቅሶ ቤት ሹክታ አድርጎ መግባት ነውር ስለሆነ በሩ ላይ አውልቀው ሳህን ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምን እንደሚባል አላወቁም ነበር። ሐሰና በሽታው ይጋባ እንደሆነ ጠየቀችው፤ እንድሪስም እስካሁን ያስያዘው ሰው እንደሌለ፣ ለነገሩ ሞክሮም እንደማያውቅ ነገራት። አንዱ ነጋዴ ከሚስቱ ጋር ከተጣላ ዓመት እንደሆነውና ሹክታው በየቀኑ ይቅርታ መጠየቂያ ቃል እየመረጠችለት ሁሉም እንደከሸፈ አወራው። እንድሪስ ስለ ሚስት ምንም እንደማያውቅ፣ ግን ከሃያ ሁለት ዓመት ልምዱ እንደተረዳው በጆሮ የሚመጣ ምክር ሁሉ እንደማይታመን ነገረው። ሰውየው በማግሥቱ ተራው ሳይደርስ መጣ። ሌሎቹ ድንች ላጡለት፣ በር ጠገኑለት፣ በመርፌው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ሲጠራ «እንድሪስ፣ ግባ» ብለው ጮኹለት። የጮኸው ሰው ልምድ ስላልነበረው የራሱ ድምፅ አስደነገጠው።

መስከረም አጋማሽ ላይ ዘይነባ በሁለት ክራንች ተደግፋ ወደ ቤቷ ገባች። የራሷ ለቀስተኞች ቆመው ተቀበሏት። እማማ ሄራን መዝገቡን ጭናቸው ላይ አድርገው እስክሪብቶ አወጡ።

«እንግዲህ የቤቱ እማወራ መጥተሻል» አሉ። «ደንቡ ያዛል። ለቅሶውን ልዝጋው?»

 ዘይነባ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። ሐሰና የእንድሪስን ሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነው። ነጋዴው ሽንኩርት እየከተፈ ያለቅሳል።

«ነገ ማን ነው ተራው?» አለች።

እማማ ሄራን መነጽራቸውን አስተካክለው ኪሩቤል መሆኑን ነገሯት።

«ለሚቀጥለው መርፌስ?»

«ሐሰና።»

«ከዚያ ወዲያስ?»

እማማ ሄራን በጣታቸው እየተከተሉ ስሞቹን እስከ ታኅሣሥ ድረስ አነበቡላት። ዘይነባ እያንዳንዱን ስም ስትሰማ ትከሻዋ ትንሽ ትንሽ ዝቅ ይል ነበር። ሲጨርሱ ክራንቾቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፤ ጫማዋንም አወለቀች።

«አይዘጋ» አለች። «ሞቼ ልቆይ።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፤ ገና ከቀትር በፊት ነበር። እንድሪስ በዕድሜው ሙሉ እኅቱን በቀን ተኝታ አይቷት አያውቅም። ራስጌዋ አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ነጋዴው ቢላዋውን ቀስ ብሎ ማሳረፍ ጀመረ፤ እማማ ሄራን መዝገቡን ዘጉ። ጥቂት እንደቆዩ ከአልጋው በኩል አንድ ሻካራ ድምፅ መጣ። እንድሪስ ቀና ብሎ ሐሰናን አያት።

«ትሰሚያለሽ?» ብሎ በዝግታ ጠየቃት።

«እሰማለሁ» አለች ሐሰና።

«እንግዲያው ታንኮራፋለች» አለ እንድሪስ፤ ሄዶም ነጠላዋን እግሯ ላይ ጣል አደረገላት።